መሀረብ አንጥፎ የተንበረከከው

ክፉ ወንድ ደግ ሴት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ እኔን አንዲት ሰጋር በቅሎ፣ አንድ አማችና አንዲት እህት አስወጥቶኛል። ስለዚህም ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሕይወት ከጓደኛዋ ጋር ሳሎን ተቀምጣ፣ ስልኳ ላይ አንድ የጃፓን የሥዕል ልቦለድ እያገላበጠች «አይገባውም! እንዲህ አዋርዷት እንዴት ትመለስለታለች?» ስትል፣ ጓደኛዋም «ተጸጸተ እኮ፤ ደግሞ ዓይኑን እይው» ብላ ስትሟገትለት፣ የያዝኩትን ጋዜጣ አጥፌ ጆሮዬን አቀናሁ።

«አባባ፣ በቃ አንተ ፍረደን» አለችኝ ሕይወት፣ ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግታ። ጸጉሩ ግንባሩ ላይ የተደፋ፣ አገጩ እንደ ማረሻ የሾለ ጎረምሳ ዝናብ ላይ ተንበርክኮ አየሁ። አወቅሁት። የጎደለው ባርኔጣው ብቻ ነው።

ያኔ የጃንሆይ ዘመን ነው። ጢሜ ገና መብቀሉን እንጂ መቆረጥ እንዳለበት አላውቅም፤ ግን ከጎንደር ፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ወፍራም ሰው በጎኑ ካልዞረ የማይገባበት ሱቅ ነበረኝ። ሳሙና፣ ክር፣ መስተዋት፣ ላምባ እሸጣለሁ፤ እንጀራዬ ግን ከአስመራ በማኪና የሚመጣልኝ የሻይ ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆው እንዳይሰበር በጭድና በጣሊያን መጽሔት ቅዳጅ እየተጠቀለለ በሳጥን ይመጣል፤ የሳጥኑ ክዳን ሲነሳ የሚወጣው ሽታ፣ የደረቀው ጭድ፣ የማተሚያው ቀለም፣ እርጥበት የጠጣው እንጨት፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሽንት ቤቴ ውስጥ ቢሸተኝ እንኳ ገበያ የወጣሁ ይመስለኛል።

መጽሔቱ የፍቅር ታሪክ ነው፤ እውነተኛ ሰዎች በየገጹ ፎቶ ተነስተው፣ ንግግራቸው ከአፋቸው እንደ ጉም ወጥቶ የተጻፈበት። በእኛ ሰፈር ጣሊያንኛ የሚያውቅ ሰው «ባስታ» እና «አቫንቲ» ከማለት አያልፍም፤ ይሁን እንጂ ፊት ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ቀን ለመጣል ሳስቼለት አንዱን ገጽ መዝጊያዬ ላይ በትንንሽ ሚስማር መታሁት። ሰው ቆመ። የቆመ ሰው ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋ የጠየቀ ሰው ብርጭቆውን ያነሳል፤ ብርጭቆውን ያነሳ ሰው ደግሞ ሰው እያየው መልሶ ማስቀመጥ ያፍራል። እኔ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከዚያ ወዲያ ሳጥኖቹን ባንዴ መክፈት ተውኩና በየቅዳሜው አንድ ብቻ፣ ያውም ገበያው ጥቅጥቅ ሲል፣ በሕዝብ ፊት እከፍት ጀመር።

ገጾቹ ተራቸውን ጠብቀው አይመጡም። ዛሬ ታማ የተኛችው ልጅ በሳምንቱ ስትጨፍር ትወጣለች፤ ገበያተኛው ራሱ እየተጨቃጨቀ የፊቱን ወደፊት የኋላውን ወደኋላ ያደርገዋል። ባርኔጣውን አጋድሎ የሚደፋውን መልከ መልካም ሰውዬ «ፊታውራሪ» አሉት፤ ልጅቷን «አስካለ»። ፊታውራሪ ክፉ ነው። የአስካለን ደብዳቤ ፊቷ ላይ ይቀዳል፤ እሷ ቆማ እያየች ከሌላ ሴት ጋር ይደንሳል፤ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከማኪናው አውርዶ ዝናብ ላይ ጥሏት ሄደ። በዚያ ቀን የደባርቅ ሴቶች የገዙትን ብርጭቆ ታቅፈው አለቀሱ።

ከሱቄ ደጃፍ፣ ከድንጋዩ መቀመጫ ላይ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አያ ወርቁ። በጉብዝናቸው ዘመን ዋርካ ሥር ተቀምጠው የስንት ቀበሌ ሙግት የሰሙ ዳኛ ናቸው፤ አዲሱ ፍርድ ቤት ከነጠበቃውና ከነቴምብሩ ሲከፈት ሥራ ፈቱ። ከእጃቸው ያልወጣ ከዘራቸው ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው ሲጣላ ባዩ ቁጥር መሬት ላይ ይመቱበታል። ግን የሚሰማቸው የለም።

በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቴ የሺ ባሏን ትታ እኔ ቤት መጣች። ባሏ አስረስ የድብ ባሕር ሰው ነው፤ እህል ነጋዴ፣ ባለ ብዙ በቅሎ፣ ሰው ፊት ሲቀርብ እሱን የመሰለ ሸጋ የለም። ማኪና የማይደርስበትን የጃናሞራን ገበያ፣ እስከ መካነ ብርሃን ድረስ፣ ብርጭቆዬን የሚያደርሱልኝ የሱ በቅሎዎች ነበሩ። የሺ ለምን እንደመጣች ብዙ አልተናገረችም። አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፤ ለሠርግ ወደ ደባርቅ ሲወጡ ከአንድ ጫኝ ጋር ስቀሻል ብሎ፣ የሷን በቅሎ ባዶዋን እያስጎተተ፣ እሷን በአዲስ ቀሚሷ የልማሊሞን ዳገት በእግሯ አስወጣት። «ሠርገኛው ሲያየን ደግሞ ወርዶ እጄን ያዘኝ» አለች። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ቢሆንም በቅሎዎቹ ትዝ ሲሉኝ ንዴቴ ቶሎ በረደ። እሑድ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ አስረስ ልኮብኛል። የሺም «ይምጣ፣ አየዋለሁ» ብላለች።

የቅዳሜው ሳጥን የመጨረሻውን ገጽ ይዞ ወጣ። ፊታውራሪ አንድ የአበባ ቦታ ውስጥ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለአስካለ ተንበርክኳል! ገበያው እልል አለ።

«ይኸው!» አልኩ እኔ፣ ነገሩን ከነገው እሑድ ጋር አያይዤ፣ ድምፄን ወደ ሱቁ ውስጥ ወርወር አድርጌ። «ተጸጽቶ ተንበረከከላት። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ይገባዋል!»

«አይገባውም» አለች የሺ ከውስጥ፣ ብርጭቆ እየወለወለች።

«ባለጋራ ተገኘ!» ብሎ አንድ ወታደር አጨበጨበ። አያ ወርቁ ከዘራቸውን መቱ። «ነገር በመስኮት አይነገርም። ውጪና ቁሚ ልጄ። አንተም ቁም። ሌላው ዝም!» እውነትም ሁሉም ዝም አለ፤ እሳቸውም ራሳቸው የደነገጡ መሰለኝ።

ነጠላዬን አደግድጌ ቆምኩ። «ጌታዬ ዳኛ፣ ፊታውራሪ ቢከፋባት ስለወደዳት ነው። ያልወደደ ሰው ደብዳቤ መቅደድ ምን ያደክመዋል?»

«ጌታዬ ዳኛ» አለች የሺ፣ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ወንድሜ ዳማ በቅሎውን ከሰው አብልጦ ይወዳታል። ምነው ታዲያ እሷን አንድ ቀን ገደል ሲጨምራት አላየን?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። በሰው ፊት የተሳቀበት ነጋዴ ዋጋ መቁረጥ ይሳነዋል። «ተጸጽቷል አልኩ! ከልቡ ካልተጸጸተ በቅሎ እገባለሁ!»

በድሮው ሙግት ሰው በነገሩ ሲተማመን ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳል፤ ባለጋራው «ግባ» ይለዋል፣ እሱም «ገባሁ» ይላል፤ የተረታው የገባውን ለዳኛው ያስረክባል። እኔ የጨዋታ ማጣፈጫ መስሎኝ ነው።

«በቅሎ ግባ!» አለችኝ።

«ገባሁ!»

«አንቺስ ልጄ?» አሏት አያ ወርቁ።

የጋብቻ ቀለበቷን ከጣቷ አወለቀችና አያ ወርቁ እግር ሥር አስቀመጠችው። «እኔ ይህን ገባሁ።» ከዚያ በኋላ ስለ ጣሊያኑ ሰውዬ ነው የምንሟገተው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወደ መዝጊያው ሄደች፤ ገጹን ከሚስማሩ ነቅላ ዳኛው ዓይን ሥር ዘረጋችው። «በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ነው ማሩኝ የሚለው። ይኼ ሰው ከጉልበቱ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

አያ ወርቁ ጎንበስ አሉ። ወታደሩም ጎንበስ አለ። እኔም።

«መሀረብ ነው» አሉ አያ ወርቁ ቀስ ብለው።

«ሱሪው እንዳይቆሽሽ አንጥፎ ነው የተንበረከከላት» አለች። «ስለ ሱሪው የሚያስብ ሰው ስለሷ መቼ ያስባል?»

እንደ ወጉ ተመልካቹ ከታናሽ ጀምሮ ፈረደ፤ ጫማ ሰፊው አይገባውም አለ፣ ቅቤ ሻጯ አይገባውም አለች፣ ወታደሩ ትንሽ አመነታና እሱም አይገባውም አለ። አያ ወርቁ ተነስተው ቀለበቱን ለየሺ መለሱላትና ወደ ሱቁ ጓሮ ሄደው የዳማዬን ልጓም ፈቱ።

«አያ ወርቁ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

«በቅሎ ገባሁ ብሎ በሕዝብ ፊት ጮኾ ቀልድ?» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ብርጭቆ ስትሸጥስ በቀልድ ነው የምትሸጠው?»

እሑድ አስረስ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እሱ ከመካከል፣ ሎሌው ከኋላ። አንድ ጥቁር የቀሃ ወንዝ ድንጋይ፣ ገና ጭቃው ያልደረቀ፣ በማጅራቱ ተሸክሞ ከደጃፌ ጀምሮ አጎንብሶ ገባ። እውነት ለመናገር እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አያ ወርቁም ሳይጠሩ መጥተው ጥግ ላይ ቆመዋል። «ማሪኝ» አለ አስረስ፣ በዚያ ሸጋ ድምፁ። ወጉ የተበደለው ሰው ድንጋዩን ከማጅራቱ አንስቶ እንዲጥልለት ነው፤ ሁላችንም የየሺን እጅ እያየን ቆምን።

የሺ አልቸኮለችም። የአስረስን አንገት አየች፤ የኩታው ጥለት እንደታጠበ ነው። ከዚያ አልፋው ሄደች፣ ሽማግሌዎቹንም አለፈቻቸው። በር ላይ የቆመው ሎሌ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው፤ ላቡና ጭቃው ተደባልቆ በጀርባው ወርዷል። ከወንዙ እስከ ደጃፌ ድረስ ድንጋዩን ማን እንደተሸከመው መጠየቅ አላስፈለገም። ትከሻው ላይ እጇን አደረገች።

«ማርኩህ ወንድሜ» አለችው። «ድንጋዩን የተሸከምክልኝ አንተ ነህ።»

ሎሌው ጌታውን አየ። አስረስ ቀና ብሎ ድንጋዩን ግቢዬ ውስጥ ጥሎት ወጣ። አንደኛው ሽማግሌ ሊናገር አፉን ሲከፍት አያ ወርቁ ከዘራቸውን መቱ፤ «ተዉ፣ ይህ ነገር ትናንት ተፈርዷል።»

ሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት ዳማዬ ኮርቻ ተጭኖባት ቆማለች። አያ ወርቁ ልጓሟን ይዘው የመጡት ለኔ አልነበረም። የሺ ከአቡጀዲ ጥቅሏ ጋር ወጥታ ተፈናጠጠች፤ አዲ አርቃይ ወዳለችው አክስታችን ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወረደች። በኋላ እንደሰማሁት ልማሊሞን በበቅሎ ሆና ቁልቁል ወርዳ፣ በጠራራ ፀሐይ በድብ ባሕር መካከል አልፋለች፤ በአስረስ ደጃፍ ስታልፍ አልወረደችም፣ አልፈጠነችምም። አስረስ በቅሎዎቹን ከኔ ንግድ አወጣ። መካነ ብርሃን ዳግመኛ በኔ ብርጭቆ ሻይ አልጠጣችም።

ከዓመታት በኋላ ለዕቃ ራሴ አስመራ ወረድኩና ለመታወቂያ ፎቶ ልነሳ አንድ ፎቶ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ኮትና ሱሪ ተሰቅሏል። ከኔ በፊት የገባ ጎረምሳ እጮኛው ፊት ተንበርክኮ ፎቶ መነሳት ፈልጎ ገና ጉልበቱን ሲያጥፍ፣ ፎቶ አንሺው ጮኸበትና ከኪሱ መሀረብ አውጥቶ ከጉልበቱ ሥር ዘረጋለት። «ምነው?» ስለው፣ «ሱሪው የኪራይ ነዋ» አለኝ። ያን ቀን ፎቶ ሳልነሳ ወጣሁ። ፊታውራሪም ምናልባት ምስኪን ተቀጣሪ ነበር፤ መሀረቡም የሱ አልነበረ ይሆናል። ያለ ማስረጃ ነው የፈረድንበት!

ስመለስ አዲ አርቃይ ማኪናውን አስቆምኩ። የሺ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፍታለች። ሽሮ አቀረበችልኝ፣ እኔም ይግባኜን አቀረብኩ፤ ስለ ኪራዩ ሱሪ ከነማስረጃው። እንደ ልጅነታችን፣ አንገቷን ወደኋላ ጥላ ሳቀች።

«ታዲያ በቅሎህን ልመልስልህ? እሷማ አርጅታ ሞተች።» ከዚያ ሳህኑን አነሳች። «ሱሪው የኪራይ ቢሆን ጉልበቱም የኪራይ ነበር እንዴ?»

የሽሮውን ሒሳብ እንደማንኛውም መንገደኛ ከፈልኩ። ወንድሜ ነው ብላ አልተወችልኝም፤ በዳማዬ ከወጣችበት ቀን ወዲህ ጎንደር መጥታ ደጄን አልረገጠችም። ያንን ሳቋንም ዳግመኛ አልሰማሁትም።

እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ነገር ሌሊትም ቀንም ያገላብጠኛል። አስረስ ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞት ቢሆን ኖሮስ? እሷ ትምረው ነበር? እኔስ ዳማዬን እንደያዝኩ እቀር ነበር? አላውቅም። የማውቀው ያኔ አንድ ባርኔጣ ለባሽ ላይ ለመፍረድ ገበያ ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆም እንደነበርና፣ ዛሬ ሕይወት ብቻዋን፣ በአውራ ጣቷ፣ ሶፋ ላይ ተጋድማ እንደምትፈርድ ነው።

«እና አባባ፣ ይገባዋል?» አለችኝ ደግማ።

«ከጉልበቱ ሥር ያለውን አሳይኝ» አልኳት። ሥዕሉን አሰፋችው። መሀረብ የለም፤ ዝናቡ ብቻ ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ይዘጋል፦ በቅሎዋ አዲ አርቃይ ሞተች፤ እህቴም እዚያው ተቀበረች፤ አስረስ ሌላ አግብቶ በሰላም አረጀ። የአስረስ ድንጋይ ግቢዬ ውስጥ አለ፤ በር እንዳይዘጋ እደግፍበታለሁ።