የዘኪያ ሁለት ኮንደንሰሮች

ዘኪያ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብላ ባለችው የባሏ የሸፊ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ሬዲዮ ትጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ቀኝ አውራ ጣቷ ላይ መበየጃ ያቃጠላት ጠባሳ ነበረ። ሰው ግን ሬዲዮውን የሚሰጠው ለሸፊ፣ "እጅህ ይባረክ" የሚለውም ሸፊን ነው። ሸፊ "ኧረ የጠገነችው ሚስቴ ናት" ሲል፣ "ቀልደኛ!" ብለው ይስቁበታል። አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ፣ "ይቺን ምርቃት አንዴ እንኳ በስሜ ብሰማት" አለችኝ።

በ1974 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን አቶ ቦጋለ ልጁን ሲድር ከቀበሌ ድምፅ ማጉያ ተዋሰ። ሰዓት እላፊ ስላለ ጭፈራው በቀን ማለቅ ነበረበት። ሙሽራው ሊደርስ ሲል ማጉያው ዝም አለ።

"ሸፊን ጥሩልኝ!" አለ ቦጋለ።

ዘኪያ ሳህን ልታመጣ ቤቷ ሄዳለች። ሸፊ ሰው ሲከበው ጊዜ እምቢ ማለት አፈረና የማጉያውን ክዳን ፈታ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ኮንደንሰር ተቃጥሏል። ዘኪያ መለዋወጫ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ ከሱቁ አምጥቶ፣ ሁለት ኮንደንሰሮች አወጣና አንዱን ከአንዱ አስከትሎ በየዳቸው።

"እዚህ ላይ አራት መቶ ቮልት አለ። እነዚህ እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ አምሳ ይችላሉ" አለ።

"አንደኛው ግን ጫጩት ነው" አለ ቦጋለ።

"ጋሼ ቦጋለ፣ የዕድሩን ድንኳን ስንሸከም ጉልበተኛው በከባዱ በኩል ይይዝ የለ? ትልቁ ትልቁን ይሸከማል።"

ለሁላችንም ልክ መሰለን። ሶኬቱ ሲሰካ፣ ጧ! አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው "ምንድን ነው?" ብሎ አይቆምም። የሰፈሩ ጎረምሶች አግዳሚ ሥር ገቡ፤ ቦጋለ ከነካባው ከጠላው ጋን ጀርባ ተገኘ።

ዘኪያ ሳህን ታቅፋ ስትገባ ጭሱ ሸተታት፤ ጎንበስ ብላ ማጉያው ውስጥ አየች። "ሸፊ! ትንሹን ከትልቁ አሰርክ?"

ሸፊ አንገቱን ደፋ። እሷ ሶኬቱን ነቅላ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዳይነዝራት በካቻቢቴ ነካክታ አፍስሳው ቁጭ አለች።

"አንቺ ልትነኪው ነው እንዴ?" አለ ቦጋለ።

"ጋሼ፣ እኩል ወተት በጠባብ ብርጭቆና በሰፊ ሳህን ቢቀዳ የቱ ላይ ከፍ ይላል?"

"ጠባቡ ላይ ነዋ!"

"ተከታትለው ሲታሰሩ ለሁለቱም የሚገባው ኤሌክትሪክ እኩል ነው። ቮልቱ ማለት ያ ከፍታ ነው። ትልቁ የትንሹን ሦስት እጥፍ ስለሚይዝ፣ ከአራት መቶው ሦስት መቶው ትንሹ ላይ ወጣ፤ ትልቁ ላይ መቶ ብቻ። ትንሹ ከሁለት መቶ አምሳ በላይ አይችልምና ፈነዳ።"

"ምስኪን! ጉልበተኛው እያለ" አለ ከአግዳሚው ሥር ያልወጣ አንድ ጎረምሳ።

ዘኪያ ከቆርቆሮዋ እኩል የሆኑ ሁለት መርጣ አሰረች። አብርታ ቮልቱን በቴስተር ለካች፤ እዚህ ሁለት መቶ፣ እዚያም ሁለት መቶ። ወዲያው ዘፈኑ ግቢውን ሞላው። የሙሽራው መኪና ጡሩንባም ከመንገዱ ተሰማ።

ቦጋለ ካባውን አራግፎ ማይክሮፎኑን አነሳ። ሸፊን አየ፤ ሸፊ በአገጩ ወደ ሚስቱ አመለከተው።

"ዘኪያ!" አለ፤ ድምፁ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። "እጅሽ ይባረክ!"

ሴቶቹ እልል አልን። ዘኪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ቆይታ ግን አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣

"አሜን ጋሼ። ማይክሮፎኑን ግን ከአፍዎ ራቅ ያድርጉት" አለችው።