ያለ ጠራቢ የቆሙት የቡሌ ድንጋዮች

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ዲላ

አባቴ ከደብረ ብርሃን ዲላ ድረስ እኔን ሊጠይቅ ከመጣ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ያወራኝን ሁሉ ብሰበስበው የአንድ እራት ወሬ አይሞላም። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። ሰዉ ቤቱን በብሎኬት መሥራት ሲያበዛና የእሱም ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መዶሻውን አስቀመጠ፤ ሁለት ዓመት አለፈው። ጠዋት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼለት ወደምሠራበት የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ እዚያው ወንበር ላይ አገኘዋለሁ።

ጭንቀቴን ለሥራ ባልደረባዬ ስነግረው፣ እሱ ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ያለችው የቡሌ ከተማ ልጅ ነውና፣ “በአጎቴ ማሳ ውስጥ ሰው የጠረባቸው የሚመስሉ ድንጋዮች አሉ። ግን ማንም አልጠረባቸውም። አባትሽን ይዘሻቸው ሂጂ” አለኝ። ለአጎቱም ደወለላቸው። የዛሬው ጉዞ የተነሳው ከዚህ ነው።

መናኸሪያው ገና ከማለዳው ሞቅ ብሏል። የቡሌ ሚኒባስ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ለሁለታችን ሦስት መቶ ብር ከፈልኩና አባቴን መስኮት ጋ አስቀመጥኩት።

ወደ ላይ

ከዲላ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ዳገቱ ጀመረ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቡናው ቀልቷል። ከመንገዱ ዳር በእንጨት አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ሴቶች ከበውት የተበላሸውን ይለቅማሉ። ከአልጋው ጀርባ ግን ዓይን የሚያርፍበት ገላጣ መሬት የለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመንና ዱባ። ቤቶቹ በቅጠሉ መሃል ተደብቀው የሚታየው ከጣሪያቸው የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው።

አባቴ በመስኮት ሲመለከት ቆይቶ፣ “እርሻቸው የት ነው?” አለኝ።

“አባዬ፣ ይኸው እየሄድንበት ያለነው እኮ ነው።”

“ጫካ ነው እንጂ!”

ከኋላችን የተቀመጡ ሴት ሰምተው ሳቁ። “ጫካ አይደለም፣ አባባ” አሉት። “እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው።” አባቴ ራሱን ነቀነቀና እንደገና ወደ ውጭ ዞረ። አሁን ግን ዛፎቹን አንድ በአንድ እያየ መሆኑን ከአንገቱ አዟዟር አወቅሁ።

ከፍ እያልን ስንሄድ ቡናው እየሳሳ መጥቶ ጠፋ። እንሰቱ ረዘመ፣ ቀርከሃ ብቅ አለ፣ ጭጋጉ መንገዱ ላይ ተኛ። ጠጠሩ ስለታጠበ ሚኒባሱ ጎድጓዱን እየሸሸ ከዳር ዳር ይዋልላል። ቡሌ ስንደርስ ከሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ብርዱ ሲነካው አባቴ ጋቢውን ከትከሻው ወደ ራሱ ሳብ አደረገና “የአገሬ አየር” አለ።

አቶ በራሶ

የባልደረባዬ አጎት አቶ በራሶ መናኸሪያው አጠገብ ቆመው ጠበቁን። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ቀጭንና ፈጣን ሰው ናቸው። የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “አባባ፣ ደህና መጣህ? መንገድ ደከመህ?” አሉት። በእኛ አገር የማያውቁትን ሽማግሌ አንተ ማለት ያስቆጣል። በአቶ በራሶ አፍ ግን አማርኛው እንዲያው የቤተሰብ ቃል ሆኖ ይሰማል። አባቴም ፈገግ ብሎ “ደህና፣ ወንድሜ” አለ።

በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄድን። የገብስና የባቄላ ማሳ አቋርጠን፣ በግንድ ድልድይ ወንዝ ተሻግረን፣ በእንሰት መሃል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ወጣን። አቶ በራሶ አባቴ ሲያርፍ ያርፋሉ፣ ሲነሳ ይነሳሉ። የእንሰቱ ጥላ አልቆ ወደ ግልጽ ቦታ ስንወጣ እኔ ሳላስበው ቆምኩ።

ጥቁር ድንጋዮች ከኮረብታው ወገብ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ቁጥራቸው ከመቶ ይበልጣል። አንዳንዱ የሦስት ሰው ቁመት አለው። እንደ ቀርከሃ አጥር ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ እያንዳንዱ ስድስት ጎን ይዞ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጥ ብሏል። በአንደኛው ጫፍ አንዱ ድንጋይ ወድቆ በሌሎች ሁለት ላይ ስለተጋደመ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት በር ሠርቷል። በጥቁሩ ላይ ነጭና ብርቱካንማ የድንጋይ ሽበት በቅሎበታል፤ ከሥራቸው ደግሞ ውኃ ይመነጫል። ጭጋጉ ሲገለጥ በስተምዕራብ፣ እጅግ ከሩቅ፣ አባያ ሐይቅ እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨ።

አባቴ ጋቢውን መሬት ላይ ጥሎ ወደ ድንጋዮቹ ሄደ። አንዱን በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ጎኖቹን በስንዝር ለካ። ዞሮ ሌላውን ለካ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን ተከትሎ ወደ ላይ አየ።

“ቱንቢ የጣሉበት ነው የሚመስለው” አለ። “ማነው የሠራው?”

“ማንም። እግዚአብሔር ነዋ” አሉ አቶ በራሶ።

“አንድ እንዲህ ዓይነት ማዕዘን ለማውጣት እኔ ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር” አለኝ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ። “አንዱን ብቻ! ደግሞ እንዲህ አይቀናልኝም።” ከዚያ ወዲያ አላቋረጠም። ስለ ድንጋይ ዓይነት፣ ስለ ወጣትነቱ፣ ስለሠራቸው አጥሮች እያወራልኝ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ተራመደ። እኔም እየተከተልኩት ነገሩ እንደሰመረልኝ አሰብኩ።

ሳላውቀው የመጣው ጉዳይ

አቶ በራሶ ግን እስኪጨርስ በትዕግሥት ሲጠብቁ ኖረዋል። “አባባ፣ የወንድሜ ልጅ አንተን ድንጋይ ሠራተኛ ነው ብሎኛል። ይቺን ድንጋይ እንዴት ነው የምትሰበረው? አሳየኝ” አሉት።

ቤታቸው ከታች ይታያል። በክረምቱ ዝናብ አንዱ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ በስብሶ ወድቋል። ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፍነውታል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ጎረቤት ያድራሉ። የድንጋይ መሠረት ካላበጁለት በሚቀጥለው ክረምት ሌላውም ግድግዳ ይከተላል። ድንጋይ ከከተማ ለማስጫን ደግሞ መኪና እዚህ አይደርስም።

ደነገጥኩ። አባቴን ውብ ነገር ላሳየው አምጥቼ፣ ለካ ውብ ነገሩን የሚያፈርስ ሰው ይዤ መጥቻለሁ። “ይህማ አይነካም!” ልል አፌን ከፈትኩና ላስቲኩን ሳይ ዘጋሁት። እኔ ማታ ደረቅ ቤቴ እገባለሁ።

አባቴ መዶሻ ጠየቀ፤ አቶ በራሶ ከድንጋዮቹ ሥር አስቀምጠውት የነበረውን አቀበሉት። አንዱን ድንጋይ በቀስታ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። “ይወርዳል” አለ። “አስቸጋሪም አይደለም።” አቶ በራሶ ፈገግ አሉ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

“ውኃ የምትቀዱት ከዚህ ነው?” አለ አባቴ ወደ ምንጩ እያመለከተ።

“እኛም፣ ጎረቤቱም፣ ከብቱም።”

አባቴ በድንጋዩ በር ሾልኮ ወደ ላይ ወጣ። ድንጋዮቹ ካለቁበት በላይ የአቶ በራሶ እንሰት ይጀምራል። አፈሩን በጣቱ ጫር ጫር አድርጎ ተመለሰ። “ስማኝ ወንድሜ፣ ይሄ ግንብ ነው። ኮረብታውን ደግፎ የያዘልህ እሱ ነው። ሦስቱን ብታነሳ አራተኛው ይከተላል። ከዚያ አፈሩ፣ ከዚያ እንሰቱ። ምንጩም ከሥር ይቀበራል። ደሞዝ እየከፈልከኝም ቢሆን አልነካውም።”

አቶ በራሶ ቁልቁል ወደ ቤታቸው አዩ። ቅሬታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። “ታዲያ ቤቴስ?” አሉ።

“ወንዙ ውስጥ ስንመጣ ያየናቸው ድንጋዮችስ?”

“እነሱማ ጠንካራ ናት። የመዶሻ እጀታ ሰበረችብኝ!”

ከወንዙ ዳር

ወደ ቤታቸው ወረድን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ፣ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልን፤ አባቴ ግን ተቻኩሎ በላ። ከዚያ የአቶ በራሶን መዶሻ፣ ድጅኖና እንጨት የሚሰነጥቁባቸውን አራት የብረት ሽብልቆች ይዘን አራታችንም ወንዙ ዳር ሄድን።

አባቴ በሬ የሚያክል ድንጋይ መረጠ። በመዶሻ ይመታዋል ብዬ ስጠብቅ ውኃ በጣሳ ቀድቶ አፈሰሰበት፤ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለ። ፀሐይዋ ድንጋዩን ታደርቀው ጀመር። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ ከወገቡ ላይ ፀጉር የምታክል እርጥብ መስመር ቀረች።

“ይቺ ናት” አለ። “ውኃ የገባበት ብረትም ይገባል።”

መዶሻውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠ። አይቶት መዶሻውን ለአቶ በራሶ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ እሱ ያዛል፣ እሳቸው ይመታሉ። በመጀመሪያ መስመሯን በድጅኖ ጫፍ አስፍተው ሽብልቆቹን ተከሉ። “አንዱን አንዴ፣ ሌላውን አንዴ። አታዳላ! ድምፁ ሲወፍር አቁም።” ወይዘሮ ማርታ በጌዲኦኛ የሆነ ነገር ብለው ባላቸውን አሳቁ። እኔም ውኃ አቀባይ ሆንኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። የአቶ በራሶ ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣበቀ። ተስፋ ቆርጠው መዶሻውን ሊጥሉ ሲሉ አባቴ፣ “ሦስት ብቻ” አላቸው።

በሁለተኛው ምት ድንጋዩ እንደ ደረቅ ግንድ ጮኸና ለሁለት ተከፈለ። የተሰነጠቀው ፊት ጠረጴዛ የሚያህል ልሙጥ ነበር። ወይዘሮ ማርታ እልል አሉ። አቶ በራሶ መዶሻውን ጥለው አባቴን አቀፉትና እየደጋገሙ ትከሻውን ሳሙት።

ስንሰነባበት ቀስ ብዬ፣ “ላይኞቹን ግን ይተዉዋቸዋል አይደል?” አልኳቸው።

“ወንዙ ከሰጠኝ ለምን እነካለሁ?” አሉ። ቀጥለው ግን ወደ ላስቲኩ አዩ። “ካልሰጠኝ አላውቅም፣ እህቴ። ልጅ አለኝ።” ቃል ባለመግባታቸው አከበርኳቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዲላ

የመጨረሻውን ሚኒባስ የያዝነው እየሮጥን ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጀምበሯ በእንሰቱ ቅጠል ውስጥ አልፋ መንገዱን አረንጓዴ አደረገችው። አራት ዓመት ዲላ ስኖር ቡሌን የማውቀው የሚኒባስ ረዳቶች ስሟን ሲጠሩ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሉ የሚያስደንቅ አገር ከደጄ ላይ ቆሞ ነበር ለካ። የአቶ በራሶን ያህል ግን አላየሁትም። እኔ ለዓይን የሄድኩበትን ድንጋይ እሳቸው የሚያዩት በልጆቻቸው መኝታ በኩል ነው። ሁለቱንም እኩል ያየው አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ኮረብታውን ስለዳሰሰ ነው።

ቤት ገብተን ሻይ ሳፈላ፣ አባቴ ከሳሎን ተጣራ።

“የቡሌ የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?”

“ለምን አባዬ?”

“ነገ እሁድ ነው፣ በራሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ለሰኞ ግን ተቀጣጥረናል።”