ለገዛ ነፍሷ አሜን ያለች ፍራሽ ሰፊ

ግራ እጇ የፍራሹን ጠርዝ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ቀኝ እጇ ረጅሙን መርፌ ከታች ወደ ላይ ይሰደዋል። መርፌው አልወጣ ካለ፣ መዳፏ ላይ ባሰረችው የቆዳ ቁራጭ ገፋ ታደርገዋለች። ጫፉ ብቅ ሲል በሁለት ጣቶቿ ስባ ክሩን ታጠብቃለች። ሌሎች ሰፊዎች በጥርሳቸው ይስባሉ፤ የእሷ ጥርስ ግን ከተሰናበታት ቆይቷል። ክሩ እንዳይበጣጠስ አስቀድማ በሰም ታሸዋለች። ስትጨርስ ዓይኗን ጨፍና ፍራሹን ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ ትዳብሳለች። አንድ ጉብታ ካገኘች የሰፋችውን ፈትታ፣ ጥጡን አፍታትታ፣ እንደገና ትጀምራለች።

እኔ ቤቷን በግድግዳ የምዋሰን ጎረቤቷ ነኝ። ሰፈሩ ጥጢቱ ይላታል፤ ቅንድቧ ላይ እንኳን ሁልጊዜ ጥጥ አይጠፋምና። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት መንገዱን የሚያየው የሥራ ክፍሏ ሲሆን ከጓሮ በኩል አልጋዋና ምድጃዋ አሉ። ልጅ አልወለደችም። ባሏ አናጺ ነበር፤ ከጣሪያ ላይ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ በኋላ ከአልጋ አልተነሳም። እሷ ደግሞ እንደምታዩት እፍኝ የማትሞላ ሰው ናት፤ ልታነሳው ቀርቶ ልታገላብጠው አትችልም ነበር። ያን ጊዜ የሰፈራችን የክርስቲያን በጎ አድራጎት ማኅበር ሴቶች በየማለዳው እየመጡ ያጥቡት፣ አንሶላውን ይቀይሩለት ነበር። አንድ ቀን እንኳን አፍንጫቸውን ሲይዙ አላየሁም። ባሏ ሲሞትም ሬሳውን ያጠቡት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ሳንባዋ ታሞ ሐኪሙ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ጠበቃ አስጠርታ ተናዘዘች። ቤቱ ማኅበሩ ለሚያስተዳድረው የአረጋውያን መጠለያ እንዲሆን ነው የተናዘዘችው። ከምስክሮቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። የመጠለያው አስተዳዳሪ መጥቶ ግንባሯን ሳማት። በጉባኤያቸው ላይ ስሟ ተጠራ፤ ፎቶዋንም ለመኑንና ሰጠናቸው። ከትራሷ ሳትነሳ ፈገግ ብላ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሞት ግን ሳይመጣ ቀረ። "ሞት እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዛሬ ነገ ይላል" አለችኝ ትንሽ ሲሻላት።

ከሞት የመለሰቻት ታናሽ እህቷ ናት። መታመሟን ሰምታ፣ ኑዛዜው ከተጻፈ በኋላ፣ ከሩቅ ከተማ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። እሷም ባሏ ሞቶባት፣ ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ተሸጦባት፣ ዓይኗም እየደከመ ነበር። መሄጃ የላትም፤ የለኝም ብላ ግን አታወራም። ታላቋን በማንኪያ አጎረሰች፣ ጀርባዋን አሸች፣ ሌሊት ስታስል ደግፋ ቀና አደረገቻት። እኔ ገብቼ ላግዝ ስል፣ "አንቺ ደግሞ ሁለተኛ በሽተኛ ልትሆኚብኝ ነው? ወገብሽን ያዢና ተቀመጪ" ትለኛለች።

ስለ ኑዛዜው የነገራት አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ አስተዳዳሪው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ መጣ። ሲወጣ በሩ ላይ፣ እህትየው ያወቀች መስሎት፣ "ስለ ቤቱ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እናንተም ቤተሰቦቿ ልባችሁ ሰፊ ነው" አላት። እሷም "አሜን" ብላ ሸኘችው። በማግሥቱ ግን ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የሰቀለቻቸውን ልብሶች አውጥታ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። ጥጢቱ ይህን ከአልጋዋ ሆና አየች። ያን ቀን ምግብ አልበላ አላት።

እግሯ ሲጠና ጠበቃው ዘንድ ሄድን። "ቀላል ነው እማማ" አላት። "እህትዎ ዕድሜዋን ሙሉ ትኑርበት፤ ከእሷ በኋላ ለመጠለያው ይሁን ብለን እናስተካክለዋለን። በሕይወት እስካሉ ድረስ ኑዛዜው የእርስዎ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም።"

"አይ ልጄ" አለች። "መጀመሪያ ለእነሱ በአፌ ልንገራቸው። በጓሮ በር ካደረግሁትማ ሌብነት ነው።"

ልትነግራቸው የሄደች ቀን አብሬያት ነበርኩ። ያደሰቻቸውን የመጠለያውን ፍራሾች በጋሪ አስጭነን ስንደርስ የምሳ ሰዓት ሆኖ አዛውንቱ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አዳራሹ ሳሙናና የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። የፕላስቲክ ኩባያዎቹ እንዳይቀያየሩ በቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። በግድግዳው ላይ የማኅበሩ ባለውለታዎች ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ የጥጢቱም ከመጨረሻው ነው። ሁሉም ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ አለባቸው። የእሷም አለበት።

እኔ አይቼ ክንዷን ነካሁት። እሷ ግን ለጸሎት አንገቷን ደፍታለች። ጸሎቱን የሚመሩት ዓይናቸው የፈዘዘ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው። ምግቡን ባረኩና፣ "ቤታቸውን ቤታችን ያደረጉልንን፣ ከድካማቸው ያረፉትን ወገኖቻችንን ነፍስ አስብ" ብለው በቃላቸው ስም መጥራት ጀመሩ። በመጨረሻ፣ "እህታችንን ጥጢቱንም ከቅዱሳንህ ጋር አሳርፍ" አሉ።

አዳራሹ በሙሉ "አሜን" አለ። ጥጢቱም "አሜን" አለች።

ከጥግ በኩል አንድ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ማንኪያውን ጣለና፣ "ኧረ አባባ! ሟቿ እኮ እዚህ ቆማ አሜን ትላለች!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "ጥጢቱ፣ ከወዲያ ማዶ ፍራሹ እንዴት ነው? ይጎረብጣል?" ሲላት፣ ከጎኑ ያሉት አሮጊት ደግሞ፣ "ዝም በል አንተ፤ እሷስ መጥታ አይታናለች። ለመሆኑ መሞቻሽ መቼ ነው ያልሽው የኔ እህት? ክፍላችን ጠቦናል እኮ" አሉ። በክፋት አልነበረም። ሳቁ ውስጥ ፍቅር ነበረበት።

ጥጢቱ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች።

በዕድሜዬ ብዙ ይቅርታ ሰምቻለሁ። በሕይወት በመኖሩ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አስተዳዳሪው እየሮጠ መጥቶ ጥብጣቡን ገነጠለው። "እማማ፣ በጠና ታመው ሳለ ነው እኮ ያዘጋጀነው፤ ረስተነው ነው፣ አፈር ይብላኝ" አለ። እሱም ከእሷ ባላነሰ አፍሯል። ካሳ እንዲሆን ብሎ ወደ ቢሮው ወሰደንና፣ አንድ ቀን ከእሷ ቤት ሽያጭ የሚሠራውን የሴቶች ክፍል የት እንደሚያደርገው በመስኮቱ አሳየን። "እዚያ ዛፉ አጠገብ። አራት አልጋ። ፀሐይ በደንብ ያገኛል።" ከዛፉ ሥር ጎንበስ ብላ ልብስ የምታሰጣ ሴት ነበረች።

"ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ነበር መሰለኝ" አላት ወደ እሷ ዞሮ።

ጥጢቱ አፏን ከፈተች። እኔ በልቤ በይ፣ በይ፣ በይው እላለሁ። "የትራስ ሽፋኖቹ ተቀደዋል" አለች። "ስጡኝና ሰፍቼ ላምጣ።"

ቤት ስንደርስ እህቷ በሩ ላይ ነበረች። የትራስ ልብሱን ክምር አየችና ገባት።

"ጉድ ነው! ልትነግሪ ሄደሽ ሥራ ይዘሽ መጣሽ?"

"ጸለዩልኝ" አለች ጥጢቱ ጫማዋን እያወለቀች።

"ይጸልዩ፤ ምን ክፋት አለው?"

"ለነፍሴ ነው የጸለዩት። የሞትኩ መስሏቸው።"

እህትየው መጀመሪያ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ጥጢቱ አለመሳቋን ስናይ ተውነው።

"እየውልሽ እቴ" አለች እህትየው፣ አጠገቧ ተቀምጣ። "አትስጪ ያለሽ የለም። ባልሽን ያጠቡ ሰዎች ናቸው፤ ይገባቸዋል። ከእኔ በኋላ ይውሰዱት ነው ያልነው። የሰውን ሁሉ ፍራሽ ስትፈቺና ስትሰፊ የኖርሽ ሴት አንድ ወረቀት ያስፈራሻል?"

"ወረቀቱ አይደለም።" ጥጢቱ የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። "ያኔ ስሜን ሲጠሩ፣ ግንባሬን ሲስሙኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠራሁበት ቀን የለም። ስሰጥ ስለ አንቺ ለአፍታም አላሰብኩም። የእናቴ ልጅ፣ የት ትገባለች አላልኩም። እንግዲህ ሄጄ መልሱልኝ ስል ያን ቀን የሳሙትን ግንባር አያዩትም? አንቺንም ቀና ብዬ ለማየት አፍራለሁ፤ እነሱንም አፍራቸዋለሁ። በየት በኩል ልዙር?"

እህትየው ከትራስ ልብሶቹ አንዱን አነሳችና ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቀዳዳውን ፈለገች። "ሰኞ ትሄጃለሽ" አለች በመጨረሻ። "ባዶ እጅሽን። ጠበቃውንም ከሰዓት በኋላ እንመጣለን ብዬ በስልክ እነግረዋለሁ።"

ሰኞ ጠዋት እህትየው ሻርፗን ራሷ አሰረችላት፤ "ይቅናሽ" ብላም ሸኘቻት። ጥጢቱ እስከ መጠለያው በር ደረሰች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። "እማማ ጥጢቱ! እርስዎ መቼም አንድ ነገር ሳይዙ አይመጡም። ዛሬስ ምን አመጡልን?" አላት።

ባዶ እጆቿን አየች። "ምንም" አለችው። "እንዲያው ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን፤ ይግቡ እንጂ፣ አስተዳዳሪው አለ።"

"ሥራ አላስፈታውም" አለችና ዞረች።

ወዲያውኑ ወደ ቤት መግባት ስላፈረች ዳቦ ቤቱ ጋ ጎራ አለች። ሰልፉ ላይ ተራዋ ሲደርስ ከኋላዋ ያለውን ሰው አሳልፋ፣ ቀጥሎ ያለውንም አሳልፋ ቆመች። በመጨረሻ ሁለት ዳቦ ይዛ ስትገባ እህቷ ፊቷን አየችና አልጠየቀቻትም። ዳቦውን ተቀብላት ቆረሰችው፤ እኔንም በግድግዳው አንኳኩታ ጠራችኝ። ሦስታችን ተቀምጠን ስለ ዳቦው ማነስ አወራን። አስተዳዳሪው እስከ ዛሬ አልሰማም፤ ጠበቃውም ያን ቀን እስከ ማታ ጠብቆን ቢሮውን ዘግቶ ሄደ።