ሸምሲያ በአጥር ላይ ያሳየችኝ ክንድ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሙና ደወለችልኝ። ሐጅ ልትሄድ ነው፤ የጉንፋን ክትባት ተከተቢ ተብላ ስታመነታ ሰንብታለች።

"አጎቴ፣ ጉንፋን በየዓመቱ ይይዘኛል፤ ሰውነቴ ለምዶታል። አክስቴ ሸምሲያስ ያለ ምንም መርፌ የፈንጣጣ በሽተኛ አስታማ መች ነካት?"

ይህን ታሪክ የነገራት አባቴ ነው። አርባ ዓመት የሰው ዜና ሳርም የኖርኩ ጋዜጠኛ፣ ይህን አንዱን ሳላርም ቀርቻለሁ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው። ቤታችን ከእንሴኖ ትንሽ ወጣ ይላል፤ እኔ ቡታጅራ እማር ነበር። ኅዳር ስለሆነ በርበሬ እንዲደርቅ በየደጁ ተሰጥቷል፤ መንገደኛው እያስነጠሰ ያልፋል። የአጎቴን ሚስት ራህመትን ፈንጣጣ ያዛትና እንሰቱ መሀል በተቀለሰች ጎጆ ለብቻዋ ተኛች። በልማዳችን እዚያ የሚገባው በሽታውን ታሞ የጨረሰ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ፊት አይተው ይመርጣሉ። ታናሽ እህቴ ሸምሲያ በሁለት ዓመቷ ታማ ስለነበር ግንባሯ ላይ ሦስት ጎድጎድ ያሉ ጠባሳዎች አሏት። እሷ ተመረጠች።

እናቴ ብቻ አጉተመተመች። በሳምንቱ ተነስታ ቆጮ በአይብ የበላች ልጅ ምኑን ፈንጣጣ ታመመች አለች። አባቴ ሰማትና ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ የተማርክ ነህ። አልታመመችም ትላለህ?"

ጉድፍ የሚባል፣ ፈንጣጣ የሚመስል ቀላል በሽታ እንዳለ ሰምቻለሁ። ጠባሳው የየትኛው እንደሆነ ግን በምን ልለይ? ጥርጣሬዬን ብናገር ራህመት ውሃ የሚያቀብላት ታጣለች፤ ዝም ብል እህቴን እሰዳታለሁ። "አላውቅም" አልኩ። እውነት ነበር፤ ለማንም ግን አልጠቀመም።

በማግስቱ ሸምሲያ ገበያ አድርሰኝ አለችኝ። በርበሬ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ቡታጅራ ገባን፤ በቀጥታ የወሰደችኝ ግን ክትባት ወደሚሰጥበት ድንኳን ነው። ከታቢው ቀጭን ወጣት ነበር። ግንባሯን ዳሰሰና ከጠባሳው ብቻ መለየት እንደማይችል፣ ታማ ከሆነም ክትባቱ እንደማይጎዳት ነገረን። ከዚያ ክንዷ ላይ ከተባት።

"በሳምንቱ ክንድሽን እይው። መግል ቋጥሮ ካበጠ ድሮ አልታመምሽም ማለት ይሆናል።"

"ይሆናል ነው ወይስ ነው?" አለችው።

"ይሆናል።"

እጅጌዋን ዝቅ አድርጋ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። መከተቧ ከተሰማ እርግጠኛ አይደለችም ተብላ ከጎጆው ልትቀር ነው፤ ሌላ የሚገባ ደግሞ የለም። በዚያው ቀን ገባች።

ምግብና ውሃ በጎጆዋ ዙሪያ ባለው አጥር ሥር አስቀምጬ ራቅ ብዬ እጠብቃት ነበር። በስምንተኛው ቀን እጅጌዋን ሰብስባ በአጥሩ ላይ አሳየችኝ። ክንዷ ላይ መግል የቋጠረ ትልቅ እብጠት ወጥቷል።

"ካበጠ ምን ነበር ያለው?"

"ድሮ አልታመምሽም ይሆናል ነው ያለው።"

እብጠቱን ትንሽ አየችው። "እንግዲህ ገብቻለሁ" አለችና እንስራውን አንስታ ተመለሰች።

ራህመት ዳነች፤ ሸምሲያም ምንም ሳትሆን ወጣች። አባቴ ይህንን አንዴ የታመመ ሰው ዳግም እንደማይያዝ ማስረጃ አድርጎ እስኪሞት ድረስ አወራው። እኔ መጀመሪያ ስለማልኩ ዝም አልኩ፤ በኋላ ደግሞ ምን እንደምል ጠፋኝ። እብጠቱ ድሮ የታመመ ሰውም ላይ ይወጣ ይሆን? መርፌው አዳናት ወይስ በሽታው ሳይጋባባት ቀረ? የጠየቅኳቸው ሐኪሞች ሁሉ መርፌው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። "ነው" ያለኝ የለም።

ትናንት ሸምሲያን አስፈቅጄ ሁሉንም ለሙና ነገርኳት። "ታዲያ አያቴ ዋሽቷል?" አለች።

"አልዋሸም። ፈንጣጣ የያዘው ሰው በአብዛኛው ዳግም አይያዝም። ሸምሲያን ይዟት እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር። ጉንፋን ደግሞ በየዓመቱ መልኩን ይለውጣል፤ ሰውነትሽ የሚያውቀው የአምናውን ነው።"

እከተባለሁ አላለችኝም፤ ክሊኒኩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ብቻ ጠየቀችኝ። እኔ ያቺን ኅዳር ዛሬም ሳስባት ግራ ይገባኛል። ያለ "ይሆናል" ልጽፈው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እህቴ ክንዷን ካየች በኋላም ወደ ጎጆዋ ገብታለች።