እሁድ የጠፋበት ሳምንት

እህቴ መቀመጥ አትችልም። ቤት ውስጥ «ነፋሷ» ነው የምንላት። ወንበር ላይ ተጣብቆ የሚዋልበትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ እንዴት እንደመረጠች ዛሬም አይገባኝም። እናታችን ኩላሊቷን የምትታጠብበት ክሊኒክ የታካሚዎችን ተራ በየሳምንቱ የሚያወጣ ፕሮግራም ሲፈልግ፣ የሠራችው እሷ ናት። ሰኞ ሥራ ጀመረ። እስከ ቅዳሜ እንከን አልወጣለትም፤ እሷ ግን ጥፍሯን ስትበላ ሰነበተች። ምን ሆንሽ ስላት፣ ያልሞከርኩት ነገር ያለ ይመስለኛል አለችኝ። ጭንቀት ፈላጊ ብዬ ተረብኳት።

እሁድ ጠዋት እማዬን ይዤ ሄድኩ። እግሯ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ተረኛዋ ነርስ ኮምፒዩተሩን አየችና የወጣው ሳምንት ከነገ ነው የሚጀምረው፣ ለዛሬ የተመዘገበ ሰው የለም፣ ስም ሳይኖር ማሽን አልከፍትም አለችን። ደሜ ፈላ። ለእህቴ ደወልኩ።

በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። ገና ስታየው ገባት። የፕሮግራሙ ኮድ ሰኞን አንድ፣ እሁድን ዜሮ ብሎ ነው የሚቆጥረው። በተከፈተ ቁጥር የሳምንቱን መጀመሪያ ለማግኘት ከዕለቱ ቁጥር ላይ አንድ ቀንሶ፣ በቀረው ልክ ወደኋላ ይሄዳል። ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀንስ ግን ወደኋላ መሄዱ ቀርቶ ወደ ነገ ይዘላል። የሳምንቱ መጨረሻም የሚቀጥለው እሁድ ላይ ያርፋል፤ የዛሬው እሁድ ከመሃል ይጠፋል። የእህቴ መሥሪያ ቤት እሁድ ዝግ ነው፤ በዚያ ቀን የሞከረው ሰው አልነበረም።

ዜሮው እንደ ሰባት እንዲቆጠር አደረገችና የእማዬ ስም ብቅ አለ። እፎይ አልኩ። ነርሷ ግን ከእማዬ በላይ ያለውን ስም አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። እኚህን ሽማግሌ ጠዋት ተራዎ ዛሬ አይደለም ብላ መልሳቸዋለች። ስልካቸው አይነሳም።

«እኔን ተዉኝና ሰውየውን ፈልጉ» አለች እማዬ ማሽኑ ላይ ሆና።

ከክሊኒኩ ወጣ ብሎ ያለው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አገኘናቸው። አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ አይሳፈሩም፤ አላፊ አግዳሚውን ቀኑን ይጠይቃሉ። እህቴንም ጠየቋት። እሁድ ነው አለቻቸው።

«ሁሉም እሁድ ነው ይለኛል» አሉ። «ተራዬ እሁድ ነው፤ ክሊኒክ ያሉት ደግሞ ዛሬ አይደለም አሉኝ። ጭንቅላቴ ቀን መያዝ አቃተው ማለት ነው። ለልጆቼ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

እህቴ እጃቸውን ያዘች። እያለቀሰች ነበር።

«አባባ፣ ጭንቅላትዎ ደህና ነው» አለቻቸው። «ቀኑን የሳትኩት እኔ ነኝ።»