ከገደሉ የተቀበልነው መስመር

ዛሬ ጠዋት ልጄን ቦሩ ሜዳ አካባቢ እኔ ራሴ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ወስጄ ዜሮ ክፍል አስገባኋት። ጉም ወርዷል። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የጠመኔና የእርጥብ አፈር ሽታው ግን ያው ነው።

እኛ ስንማር የፊደል ገበታችንን ዝናብ በልቶት፣ ከ«ጨ» ቀጥሎ ያለው መስመር ጠፍቶ ነበር። መምህራችን ስትዘለው እኛም አብረን እንዘላለን። ስንጮህ ከክፍሉ ጀርባ ያለው ገደል ድምፃችንን ይመልስልናል።

አንድ ቀን እንዲሁ በጉም፣ መምህራችን ቀርታ ጭጭ ብለን ተቀምጠናል። ከገደሉ የልጆች ድምፅ መጣ። «ጰ፣ ጱ፣ ጲ...» ከኛ ማንም አፉን አልከፈተም።

ዘበኛው አያ ሙሄ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አያ ሙሄ፣ እነማን ናቸው?» አልኳቸው።

«አብሽሩ ልጆቼ» አሉ፣ ወደ ገደሉ ሳይዞሩ። «ይህ ክፍል ሳይሠራ የሞቱብን ልጆች ናቸው። ዝም አትበሏቸው፤ ተቀበሏቸው።»

ተቀበልናቸው። አንደኛ ክፍል ገብተን ከቤት በቀጥታ ከመጡት ልጆች ጋር ስንቀላቀል፣ ያን መስመር የምናውቀው እኛ ብቻ ሆንን። መምህሩ «አያችሁ፣ ዜሮ ክፍል መሠረት ነው!» ብሎ አስጨበጨበልን።

ልጄን አስገብቼ ስወጣ በመስኮት አየሁ። ገበታው አዲስ ነው፤ አንድም መስመር አልጎደለበትም። መምህርቷ ገና አልመጣችም። ልጆቹ ግን ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ይቀበላሉ። የኔዋ ከሁሉም በላይ ትጮሃለች።

የምትለውን ፊደል ገበታው ላይ ፈለግሁት። የለም።