በጨው የተቀመጠው አውራ ቆሮሶ

ተጠራጣሪ ነኝ። ከሱቅ የገዛሁትን ስኳር ቤቴ ገብቼ ደግሜ እመዝናለሁ፤ የሚኒባስ ረዳት «ሞልቷል» ሲል ዞር ብዬ ሰው እቆጥራለሁ። ሥራዬም ለዚህ ጠባዬ የተመቸ ነው። ደሴ ላይ ባለች ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ የዓሣ ዘረመል አነባለሁ። ታች ኮምቦልቻ፣ ሙቀቱ ለዓሣ በሚስማማበት፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የምናረባባቸው ገንዳዎች አሉን። በየገንዳው አንድ አውራና አንዲት እንስት እናኖራለን፤ ትርፎቹ ሳይቆጠሩ በአንድ ገንዳ ይኖራሉ። ከጅራታቸው ጫፍ በመቀስ ቅንጣት ቆርጬ የዘር ምልክታቸውን እመዘግባለሁ፤ ጫጩቶቻቸው ሲያድጉም እንደዚያው። የትኛው ምልክት ቶሎ ከሚያድጉት ጋር እንደሚሄድ ካወቅን፣ ለርቢ የሚሆነውን ዓሣ ገና በትንሽነቱ መምረጥ እንችላለን።

ገንዳዎቹን የሚጠብቁት ዕድሜያቸውን በከብት ያሳለፉ፣ እዚያው አቅራቢያ ያለችው የደጋን ከተማ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። በሄድኩ ቁጥር አብረን ገንዳ በገንዳ እየዞርን እንቆጥራለን፤ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ይሄው ራሱ አላስተኛኝም። ዓሣ ይሞታል፤ የእሳቸው ብቻ እንዴት አይሞትም?

አንድ ቀን የአራተኛው ገንዳ ጫጩቶች ውጤት ወጣ። እናታቸው እናታቸው ናት፤ አባታቸው ግን እኔ የመዘገብኩት አውራ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው በፊት የነበረው ወር የጾም ነበር፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ዓሣ በሚፈለግበት ሰሞን። ያን የሚያህል አውራ ለምግብ ቤት ሸጠው ሌላ አስገብተውበታል አልኩ። በልቤ ይዤውም አልቀረሁ፤ እሳቸውን አንዲት ቃል ሳልጠይቅ ለአለቃዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ከሥራ ታገዱ።

ደጋን ቤታቸው የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አልነበረም፤ ጥርጣሬዬን ላረጋግጥ ነበር። አስፋልት ዳር ባለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ የአራተኛው ገንዳ አውራ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

«ሞተ» አሉ። «ገና ዛሬ ጠየቅሽኝ እኮ፣ ልጄ።»

ገብተው ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ውስጡ በጨው የደረቀ ቆሮሶ ነበር፤ ሆዱ ያልተቀደደ፣ ቅርፊቱ ያልተነካ።

«የሰው ላም፣ ጥጃዋን ልትካፈዪ፣ በርቢ ይዘሽ ብትሞትብሽ፣ ቆዳዋን ለባለቤቷ ታሳያለሽ። ይሄ ቆዳው ምን ይገፈፋል፤ ሙሉውን አኖርኩት፣ ባለቤቱ መጥቶ እስኪጠይቀኝ። እንስቷም ያለ አውራ እንዳትቀር ከትርፎቹ ገንዳ አንድ አመጣሁላት፤ ኮርማ እንደመዋስ ነው። ወላሂ፣ አማና ነው፤ አደራ አልበላሁም።»

እኔ ሁልጊዜ «ስንት ናቸው?» ብዬ ነው የምጠይቃቸው። የሞተ አለ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ለካ ባለቤት ተብዬ የምጠበቀው እኔ ኖሬያለሁ።

ማመን የነበረብኝ እዚያው ነበር። ዓሣ የሸጠ ሰው ዓሣውን ቤቱ አያስቀምጥም፤ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እኔ ግን ሌላ ዓሣ አድርቀው ቢሆንስ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩና መቀሱን አወጣሁ። እጄን አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ።

«አብሽሪ፣ ቁረጪ» አሉኝ።

ቆረጥኩ።

ምልክቶቹ ከመዘገብኩት ጋር አንድም ሳይዛነፍ ገጠሙ። ራሱ አውራው ነበር። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ገልጬ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ኸይር ነው» አሉኝ። እኔ ግን ያን መቀስ ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ።

አሁን ዓሣ ሲሞት ሌላ አይተኩበትም፤ ምክንያቱን አስረድቻቸው ገብቷቸዋል። ጠዋት ከደሴ ወርጄ ስደርስ የሞተው ዓሣ ጠረጴዛው ላይ ሙሉውን በጨው ላይ ተጋድሞ፣ አጠገቡ መቀስ ተቀምጦ አገኛለሁ። «አባባ፣ ግድ የለም፣ አምናለሁ» እላቸዋለሁ። እሳቸው መቀሱን አንስተው በእጄ ያስይዙኛል፤ እስክቆርጥም ድረስ ካጠገቤ አይሄዱም።